ለዘማች ባልና ጎንደር ለቀረች ሚስት የትኛው መገናኛ ይሻላል? ጥሪ፣ አጭር መልእክት፣ ቴሌግራም፣ ሰው በእጅ፣ ፖስታና ቀይ መስቀል ሲነጻጸሩ

ጎንደር ላይ ዘማች ሲሸኝ ከምርቃቱ ቀጥሎ የሚባለው «ስትደርስ ደውል» ነው። የሚደርስበት ቦታ ኔትወርክ ይኑረው አይኑረው፣ ስልክ መያዝ ይፈቀድ አይፈቀድ፣ ባትሪ የሚሞላበት ይኑር አይኑር ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም። ሳምንት ሳይሞላ ስልኩ አልሠራ ይላል፤ ቤት ውስጥም እንቅልፍ ይጠፋል። ይህ መመሪያ በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ላሉ የዘማች ቤተሰቦች ስድስት የመገናኛ መንገዶችን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል፤ ዘማቹ የትም ይሁን።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ብዙ ባልና ሚስት ዋና መገናኛቸው የሚያደርጉት የሚወዱትን ነው፤ እሱም ረጅም የስልክ ወሬ ወይም ምስል ያለው ጥሪ ነው። ዋና መሆን ያለበት ግን ሁኔታው ሲከፋም የሚያልፈው ነው። የሚወዱት ሲገኝ ይጨመርበታል።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛው መመዘኛ መድረሱ ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቷል። በአንድ መንገድ ብቻ የተማመነ ቤት በእንዲህ ያለ ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ መልስ ሲጠፋ መንገዱ ራሱ የሚነግራችሁ ነገር አለ ወይ? መልእክቱ ደርሶ መልስ የዘገየ እንደሆነና ጭራሽ ያልደረሰ እንደሆነ መለየት ከቻላችሁ ግማሹ ጭንቀት ይቀላል።

ቀሪዎቹ ሦስቱ ግልጽ ናቸው፦ ምን ያህል ወሬና ስሜት ይሸከማል፣ ምን ያህል ገንዘብና ባትሪ ይበላል፣ በመካከል ማን ይሰማዋል ወይም ያነበዋል።

የስልክ ጥሪ

ድምፅን የሚተካ የለም። ሚስት የባሏን ትንፋሽ ሰምታ መታመም አለመታመሙን ታውቃለች፤ ልጅም «አባባ» ብሎ መልስ ይሰማል። ነገር ግን ጥሪ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ነገር እንዲገጣጠም ይፈልጋል፦ ሁለቱም ስልኮች በአንድ ሰዓት ክፍት መሆን አለባቸው፣ ኔትወርኩ ጠንካራ መሆን አለበት፣ እሱም ከጥበቃ ተራ ነፃ መሆን አለበት።

አንድ የኔትወርክ ማማ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ጥሪ የተወሰነ ነው። ማታ ሁሉም ከሥራ ተመልሶ ሲደውል ይጨናነቃል፤ ማለዳ ግን ይቀላል። መብራት ሲጠፋ ማማው በባትሪና በጄኔሬተር ይቆያል፤ ያ ሲያልቅ አካባቢው በሙሉ ጸጥ ይላል። ስለዚህ የደወላችሁለት ሰው አይገኝም የሚለው የተቀዳ ድምፅ የሚነግራችሁ ስልኩ በዚያች ሰዓት ከኔትወርክ ጋር አለመገናኘቱን ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለውም። ይህን ለእናቱም ለእህቱም አስረዷቸው።

ባትሪን በተመለከተ፣ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ስልክ ሳይደወልበትም ያልቃል፤ ማማ ለማግኘት ኃይሉን ከፍ አድርጎ ሲፈልግ ስለሚውል ነው። መፍትሔው ከቀጠሮው ሰዓት ውጭ ማጥፋት ወይም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ፣ በስማርት ስልክ ደግሞ ኔትወርኩን 2ጂ ብቻ ብሎ ማስተካከል ነው። ደጋ ላይ የሌሊት ብርድ ባትሪን ያደክማል፤ ስልኩ ከውስጥ ልብስ ኪስ ይደር። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በመሙላት ላይ የሚባክነው ሲቀነስ 6,000 ገደማ ይሰጣል፦ ስማርት ስልክን አንድ ጊዜ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ፣ 1,000 የሚይዝ ባለ ቁልፍ ስልክን ግን ወደ 6 ጊዜ ይሞላል። በእኛ ግምት ለግንባር ባለ ቁልፉ ይሻላል።

ሂሳብ ሲያልቅበት በኢትዮ ቴሌኮም መስመር *807*ቁጥርሽ# ብሎ «ደውይልኝ» የሚል መልእክት ይልካል፤ አንቺም በ*806*ቁጥሩ*መጠን# ከራስሽ ሂሳብ ታካፍይዋለሽ። ጥቅሎችን በ*999# ማየት ይቻላል። ጥቅል ስትገዙ ቀኑን ተመልከቱ፤ በየዕለቱ ለማይደውል ሰው የቀን ጥቅል ገንዘብ ማባከን ነው፣ የወር ይሻለዋል።

የንግግሩም ቅደም ተከተል ይታሰብበት። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ እንዴት ከረምህ፣ እነ እንትና ደህና ናቸው» ሲባል መስመሩ ይቆረጣል። በመጀመሪያው ደቂቃ ሁለት ነገር ይባል፦ ደህንነትና የሚቀጥለው ቀጠሮ። ሰላምታው ከዚያ በኋላ እንደ ልብ ይርዘም።

አጭር የጽሑፍ መልእክት

ለእኛ የጀርባ አጥንቱ ይህ ነው። ጥሪ የማያሳልፍ ደካማ ኔትወርክ ጽሑፍ ያሳልፋል። የተቀባዩ ስልክ ቢጠፋም መልእክቱ ለተወሰነ ጊዜ በቴሌ ማዕከል ተቀምጦ ስልኩ ሲከፈት ይገባል። እሱ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ለሁለት ደቂቃ ስልኩን ቢከፍት የሳምንቱን መልእክት ተቀብሎ፣ አስቀድሞ ጽፎ ያዘጋጀውን ልኮ ይዘጋዋል። ኢንተርኔትም አያስፈልገውም።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት 70 ፊደል ይይዛል፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። ካለፈ በሁለት ይከፈልና በሁለት ይታሰባል፤ ሲከፈል ደግሞ እያንዳንዱ የሚይዘው 67 ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ብቻ ከተጻፈ 160 ይይዛል፣ ግን «ደህና» በእኛ 3 ፊደል ስትሆን በላቲን 5 ትፈጃለች፤ ስለዚህ ትርፉ የሚመስለውን ያህል አይደለም። በላቲን መሐል አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባች ሙሉው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል።

የሚሠራ መልእክት ይህን ይመስላል፦ «12። ደህና ነን። ልጁ ድኗል። ብር ደርሷል። እሑድ ማታ 2 ሰዓት እጠብቃለሁ።» ይህ 49 ፊደል ነው። መጀመሪያ ላይ ያለችው ቁጥር ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ 12 ደርሶት ቀጥሎ 14 ከመጣ 13 መንገድ ላይ እንደቀረች ያውቃል፣ «ለምን አልነገርሽኝም» የሚል ቅያሜም አይነሳም።

የመድረሻ ማረጋገጫ የሚባለውን ከስልኩ የመልእክት ማስተካከያ ውስጥ አብሩት። «ደርሷል» ሲል ስልኩ በዚያ ሰዓት ተከፍቶ ነበር ማለት ነው፤ ማንበቡን ግን አያረጋግጥም። ስልኩ ሌላ ሰው እጅ ሊሆንም ስለሚችል ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፣ ቢሆንም ብዙ ሌሊት ያስተኛል።

የሚበላሸው የት ነው? አንዳንድ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ አማርኛን በባዶ ሳጥን ያሳያል፤ ከመለያየታችሁ በፊት ተላልካችሁ ሞክሩ። የመልእክት ማከማቻው ሲሞላ አዲስ አይቀበልም፤ የማስታወቂያ መልእክቶችን አጥፉ። ጽሑፍ ቃና የለውምና «እሺ» ብቻ ተብሎ የተላከ መልስ ቁጣ ይመስላል፤ በጽሑፍ ጠብ አትጀምሩ፣ የተጀመረውንም በጽሑፍ ለመጨረስ አትሞክሩ።

ቴሌግራምና መሰሎቹ

ኢንተርኔት ባለበት የተቀዳ ድምፅ ከሁሉ የተመቸ ነው። እሱ በጥበቃ መሐል መልስ መስጠት አይጠበቅበትም፤ ሲመቸው ይሰማል፣ ደጋግሞም ይሰማል። ማንበብ ለማትችል ሚስትም ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፤ የባሏን ቃል የጎረቤት ልጅ እንዲያነብላት አትገደድም። የአንድ ደቂቃ ድምፅ የሚወስደው ዳታ ከ1 ሜጋባይት በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ምስል ያለው ጥሪ ግን በየደቂቃው ብዙ ሜጋባይት ይበላል።

ቴሌግራም ላይ አንድ ምልክት ማለት መልእክቱ ማዕከሉ ደርሷል፣ ሁለት ምልክት ማለት ተነቧል ማለት ነው። «መጨረሻ የታየው» የሚለው ሰዓት የብዙ ቤት ጠብ ምንጭ ስለሆነ ሁለታችሁም ደብቁት። ሌሊት 9 ሰዓት ክፍት ነበረ ብሎ መጠየቅ ለማንም አይጠቅምም፤ የጥበቃ ሰው ሌሊት ይነቃል።

እዚህ ላይ የደኅንነቱ ጉዳይ ይከብዳል። ያለበትን ቦታ፣ የጦር ክፍሉን ስም፣ የሰው ብዛት፣ የሚንቀሳቀስበትን ቀን አትጠይቁ፤ እሱም አይንገር። ፎቶ ሲነሳ ካሜራው ቦታን እንዳይመዘግብ ይጥፋ፤ ፎቶን በፋይል መልክ መላክ የቦታውን መረጃ ይዞ ይሄዳል። የመጣላችሁንም ፎቶ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ ከኋላው ያለው ተራራ ለሚያውቅ ሰው ስሙ የተጻፈበት ያህል ነው።

ሰው በእጅ

ፈቃድ የወጣ ጓድ ሲመለስ መላክ ጥንታዊው መንገድ ነው፤ ዛሬም ቦታው አልጠፋም። ወረቀት ባትሪ አይጠይቅም፤ እሱም ኪሱ ውስጥ ይዞት ይውላል። ለረጅም ጉዳይ፣ ለልጅ ሥዕል፣ ለፍቅር ቃል ከዚህ የተሻለ የለም።

በቢክ እስክሪብቶ ጻፉ፤ የሚፈሰው ቀለም ዝናብ ሲነካው ይጠፋል። ቀኑንና የደብዳቤውን ቁጥር ከላይ አስፍሩ፣ በላስቲክ ጠቅልሉ። ስሙን እስከ አያት፣ ክፍሉ የሚጠራበትን መለያም ራሱ በነገራችሁ መልክ ብቻ ጻፉ፤ ከዚያ በላይ አትጨምሩ። «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» የሚለው መግቢያ እዚህ ሙሉውን ቦታ ይውሰድ፤ አጭር መልእክት ላይ የቆጠባችሁትን እዚህ አውጡት።

ለማታነብ ወይም ለማይጽፍ ሌላ ዘዴ አለ፦ ሚሞሪ ካርድ። ባለ ቁልፍ ስልኮች በሚቀዱበት ኤኤምአር በሚባለው ቅርጽ 1 ሰዓት ድምፅ 6 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ትንሿ ካርድም ትበቃለች። የቤቱን ድምፅ ቅዱለት፦ ልጆቹን፣ እናቱን፣ የቡናውን ወሬ። ካርዷን በወረቀት አጥፋችሁ ከደብዳቤው ጋር ስፉት። ከመላካችሁ በፊት በሌላ ስልክ መክፈቷን ሞክሩ።

ስንቅ አብሮ ከሄደ ደረቅ ይሁን፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ቋንጣ በደንብ ሳይደርቅ ላስቲክ ውስጥ ከታሰረ ርጥበቱ ይታመቅና ይሻግታል፤ በጨርቅ ይሁን። ክብደቱ ከ3 ኪሎ አይለፍ፤ የሚሸከመው የራሱ ጓዝ ያለው ሰው ነው። የዕቃውን ዝርዝር ውስጥ አስቀምጡ፤ በአጭር መልእክትም «እነ እከሌ ይዘውልሃል» ብላችሁ አሳውቁት።

ድክመቱ ግልጽ ነው። የተላከው ሰው ሌላ ቦታ ሊመደብ ይችላል፣ ደብዳቤውም ሊነበብ ይችላል። ዋና ሰነድ፣ የጋብቻ ማስረጃም ሆነ የቤት ካርታ፣ በሰው እጅ አይላክ፤ ቅጂው ይበቃል።

ፖስታ

ፒያሳ ካለው ፖስታ ቤት የሚላክ ደብዳቤ በአገራችን አሠራር ወደ ፖስታ ሳጥን እንጂ ወደ ምሽግ አይሄድም። ስለዚህ የሚጠቅመው ባል ቋሚ ካምፕ፣ ማሠልጠኛ ወይም ሆስፒታል ካለና የዚያ ተቋም የሳጥን ቁጥር ከታወቀ ነው። ማስረጃ ለሚያስፈልገው ሰነድ የአደራ ደብዳቤ አድርጋችሁ ደረሰኙን ያዙ። ለዕለት ወሬ አንመክረውም።

የቀይ መስቀል መልእክት

ይህ ተራ መገናኛ አይደለም። ባል የት እንዳለ ሲጠፋ፣ ተይዟል ሲባል፣ ወይም የስልክ መስመር በሌለበት አካባቢ ሲቀር የሚያገለግል ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያገናኙበት አገልግሎት ሲሆን ክፍያ የለውም።

መልእክቱ ክፍት ሆኖ በቅጽ ላይ ይጻፋል፤ ይነበባል። ስለዚህ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይስፈርበት፤ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ቦታ የሚናገር መልእክት አይተላለፍም። የጠፋ ሰው ለማስፈለግ ስትሄዱ ይዛችሁ ቅረቡ፦ ስሙን እስከ አያት፣ የእናቱን ስም፣ የሚጠራበትን ቅጽል፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ መጨረሻ የተገናኛችሁበትን ቀንና ቦታ፣ ግልጽ ፎቶ። ስሙ አንድ ፊደል ከተለየ ፍለጋው ይሰናከላልና ከመታወቂያው እዩ። መልስ ሳምንታት፣ ወራትም ሊወስድ ይችላል።

በአገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቀው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ እንደተያዘ ወዲያው፣ ወይም ካምፕ ከደረሰ ከአንድ ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ለቤተሰቡ መያዙን የሚገልጽ ካርድ የመጻፍ መብት ይሰጠዋል። ከዚያም በወር ከ2 ደብዳቤና ከ4 ካርድ ያላነሰ እንዲልክ ይፈቅድለታል። በአገር ውስጥ ጦርነትም እ.ኤ.አ. የ1977ቱ የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ተይዘው ያሉ ሰዎች ደብዳቤና ካርድ መላክና መቀበል እንዲችሉ ይላል። መብቱን ማወቅ ስትጠይቁ አንገታችሁን ቀና ያደርጋል።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ፍጥነት | የሚፈልገው | የሚጠነክርበት | የሚወድቅበት |
|---|---|---|---|---|
| ጥሪ | ወዲያው | ጠንካራ ኔትወርክ፣ ሂሳብ፣ የጋራ ሰዓት | ድምፅ፣ ልጆች | መጨናነቅ፣ ባትሪ |
| አጭር መልእክት | ከደቂቃ እስከ ቀናት | ደካማ ኔትወርክም ይበቃዋል | መድረሱ፣ ርካሽነቱ | ቃና የለውም |
| ቴሌግራም | ኢንተርኔት ካለ ወዲያው | ስማርት ስልክ፣ ዳታ | የተቀዳ ድምፅ፣ ፎቶ | የኢንተርኔት መቋረጥ፣ የቦታ መጋለጥ |
| ሰው በእጅ | ሳምንታት | የታመነ ሰው | ረጅም ደብዳቤ፣ ስንቅ | ሰውየው ሊቀር ይችላል |
| ፖስታ | ቀርፋፋ | የሳጥን ቁጥር | ሰነድ ከደረሰኝ ጋር | ግንባር አይደርስም |
| ቀይ መስቀል | ሳምንታት እስከ ወራት | ሙሉ መረጃ | የጠፋ ወይም የተያዘ ሰው | ለዕለት ወሬ አይሆንም |

መርዶና ሕመም

በዚህ ጉዳይ መንገድ መምረጥ ከሁሉም ይከብዳል። በባህላችን መርዶ በዘመድና በሽማግሌ፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራል፤ የሚደግፍ እጅ አጠገብ እንዲኖር ነው። ዘማች ግን አባቱ መሞቱን ለብቻው፣ ጠመንጃ ይዞ፣ ጥበቃ ላይ ቆሞ በአጭር መልእክት ሊያነብ ይችላል። ይህን አታድርጉ። በክፍሉ ያለ የቅርብ ጓዱን ወይም አለቃውን አግኝታችሁ ከተራ ነፃ በሆነ ሰዓት፣ ሰው ከቦት እንዲነግሩት ለምኑ። እስከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ፣ በተለይ ፌስቡክ የሚጽፉ ወጣቶች፣ ዝም ይበሉ።

ሕመም ሌላ ነው። የልጅ ትኩሳት እሱ ምንም ሊያደርግ የማይችልበት ሰዓት ላይ ከሚነገረው ሐኪም ከታየ በኋላ ቢነገረው ይሻላል፤ ከባድ ሕመምን ግን ለወራት መደበቅ ኋላ እምነት ያፈርሳል። ምን ምን እንዲነገረው እንደሚፈልግ ከመሄዱ በፊት ራሱ ይናገር።

ለየትኛው ቤት የትኛው?

ገንዘብ ያጠራት፣ ገጠር ያለች ሚስት፣ ደንቢያም ትሁን ወገራ፣ ሁለት ባለ ቁልፍ ስልክና ቁጥር የተሰጠው አጭር መልእክት ይበቋታል፤ በወር አንድ ጊዜ ጥሪ ይጨመር። ማንበብ የማትችል ከሆነ ዋናው መንገድ በቀጠሮ የሚደረግ አጭር ጥሪ፣ ደጋፊው ሚሞሪ ካርድ ይሁን። ከተማ ያላችሁና አቅሙ ያላችሁ ቴሌግራምን ለድምፅ ተጠቀሙበት፤ ኢንተርኔት በጠፋ ማግስት ግን ወደ አጭር መልእክት እንደምትዞሩ አስቀድማችሁ ተስማሙ። እርጉዝ ሚስት ወይም ሕፃን ያለባት ቤት በሳምንት ሁለት መልእክት ብታደርግ መልካም ነው። ስልክ የተከለከለበት ምድብ ከሆነ ሰው በእጅና የክፍሉ የቤተሰብ ተጠሪ፣ ማለትም በጦር ክፍሉ የቤተሰብ ጥያቄ የሚቀበለው ሰው፣ ብቻ ይቀራሉ።

ከመሸኘቱ በፊት በአንድ ማታ የሚያልቅ ሥራ

የቀጠሮ ቀንና ሰዓት ምረጡ፤ ሰዓቱ በሐበሻ አቆጣጠር መሆኑን ተናገሩ። ሁለታችሁም ሁለት ሁለት ስልክ ቁጥር በቃል አጥኑ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ወረቀትም ይረጥባል። በክፍሉ መዝገብ የቅርብ ቤተሰብ ተብሎ የተጻፈው ስምና ስልክ ያንቺ መሆኑን እሱ ያረጋግጥ፤ ቁጥር ስትቀይሪም ያስለውጠው። ለባንክና ለቤት ጉዳይ ውክልና ካስፈለገ ሳይሄድ ይፈጸም፤ የሚስጥር ቁጥር በመልእክት አይላክ።

አንድ የማረጋገጫ ጥያቄ ይኑራችሁ፣ እናንተ ሁለታችሁ ብቻ መልሱን የምታውቁት። «ባለቤትሽ ቆስሏል፣ ለሕክምና ቶሎ ብር ላኪ» የሚል አጭበርባሪ የዘማች ሚስቶችን ይፈልጋል። ደዋዩ መልሱን ከባልሽ አምጥቶ ካልተናገረ ሳንቲም አይወጣም፤ ስልኩን ዘግተሽ ለክፍሉ ተጠሪ ትደውያለሽ።

በመጨረሻም ዝምታው ስንት ቀን ሲሆን ምን እንደሚደረግ በወረቀት ጻፉት። ኔትወርክ ባለበት ምድብ፦ ሁለት ቀጠሮ ካለፈ ለጓዱ አጭር መልእክት፣ ሦስተኛው ካለፈ ለክፍሉ ተጠሪ ስልክ። ኔትወርክ በሌለበት ምድብ እነዚህን በሳምንታት አስረዝሟቸው። ከሁለቱም መልስ ከጠፋ ከላይ የተዘረዘረውን መረጃ ይዛችሁ ወደ ቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ሂዱ፤ የሄዳችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁትን ሠራተኛ ስም ደብተር ላይ መዝግቡ።